የነጃሺ ደጅና የዘመናችን ስደተኛ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ የመስጂዳችን ጀማዓዎች! የነጃሺን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል፤ በየዳዕዋው መድረክም ሰምተነዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩን የምናነሣው አገራችንን ለማወደስ ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ በሌላ በኩል እንድናየው እጋብዛችኋለሁ። እምነቱ የተለየ ስደተኛ ደጁ ላይ በቆመ ጊዜ የክርስቲያኖቹ ቤት ምን አደረገ? ከዚያስ በእኛ ላይ ምን አደራ ቀረ?

በነብይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የቁረይሽ ግፍ በበረታ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሩ። ምክንያቱም በዚያ አገር ማንም የማይበደልበት ንጉሥ መኖሩን ያውቁ ነበር። በመጀመሪያ 15 ያህል ሰዎች በሌሊት ወጥተው ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴ መርከብ ተሻገሩ። ከእነዚህም ውስጥ ዑስማን ኢብን ዐፋንና ባለቤታቸው የነብዩ ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ) ነበሩ። ቀጥሎም ከ80 የሚበልጡ ወንዶች፣ ከሴቶችና ከልጆች ጋር ተከተሏቸው።

ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብን አል-ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ምርጥ ቆዳ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አካሄዳቸውን ዐውቀውበት ነበር። ከንጉሡ በፊት ለእያንዳንዱ የሃይማኖት አባት እጅ መንሻ ሰጡና፣ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ በንጉሡ ፊት እንዲደግፏቸው ለመኗቸው። እነዚያም እንደተለመኑት ተናገሩ። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ አገሬን መርጠው የተጠጉኝን ሰዎች ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ንጉሡ ገና ስደተኞቹ እውነተኞች መሆናቸውን አላወቀም፤ ከመፍረዱ በፊት መስማት እንዳለበት ግን ዐወቀ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው ስለ ቀድሞ ሕይወታቸው፣ ስለ አዲሱ እምነታቸውና ስለ ደረሰባቸው መከራ ተናገሩ። ከሱረቱ መርየም በቀሩላቸውም ጊዜ ንጉሡ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ተመልሶ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ጃዕፈርም ሳይደብቁ እምነታቸውን አስረዱ። በዙሪያው የነበሩት መኳንንት ቢያጉረመርሙም ንጉሡ የቁረይሽን ገጸ በረከት መልሶ፣ ስደተኞቹ በሰላም እንዲቀመጡ አዘዘ። ይህን ያቆዩልን በዚያው የነበሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

ነጃሺ ኋላ እስልምናን መቀበሉን፣ ሲሞትም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሩቅ ሆነው እንደ ሰገዱበት እናውቃለን። ነገር ግን ደጁን በከፈተበት ቀን የክርስቲያን አገር ንጉሥ ነበር፤ ለእንግዶቹም እምነታችሁን ለውጡ አላላቸውም። ማስጠጋቱም በዋዛ የተገኘ አልነበረም። የገዛ ወገኖቹ ሃይማኖታችንን ተውክ ብለው በተነሡበት ጊዜ ወደ ጦርነቱ ከመሄዱ በፊት ለስደተኞቹ መርከብ አዘጋጅቶ፣ ከተሸነፍኩ ወደ ፈለጋችሁበት ሂዱ እንዳላቸው ይተረካል። እንግዲህ ስደተኛን መቀበል ትርፍ ምግብን ማካፈል ብቻ አይደለም፤ የራስንም ሰላም አስይዞ ነው።

ከስደተኞቹ አብዛኞቹ በሐበሻ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ልጆችም ወለዱ። የጃዕፈርና የአስማእ ልጅ ዐብዱላህ እዚሁ ነው የተወለደው። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ ነጃሺ የቀሩትን በሁለት መርከብ ሸኛቸው። ሐበሻ ተወልዳ ያደገችውን ትንሿን ኡሙ ኻሊድን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲያለብሷት፣ እንዴት እንደሚያምር የነገሯት በምታውቀው በሐበሻ ቃል «ሰናህ» ብለው ነበር። ቃሉ ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር የሚዛመድ ነው። የስደተኛ ልጅ የተቀበላትን አገር ቋንቋ ይዛ መምጣቷ እንደ ነውር አልተቆጠረም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በዘመናችን የሆነውንም ይስማ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1983 በምዕራብ በርሊን አንድ ቱርካዊ ጥገኝነት ጠያቂ ተላልፎ እንዳይሰጥ ፈርቶ ከፍርድ ቤቱ መስኮት ዘሎ ሞተ። በዚያው ዓመት በክሮይዝበርግ ሰፈር የሚገኘው የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ወደ ሊባኖስ ሊባረሩ የነበሩ ሦስት የፍልስጤም ቤተሰቦችን አስጠጉ። ይህ ልማድ በጀርመን አገር ተስፋፋ። ዓላማውም ሕግን ማፍረስ ሳይሆን ጊዜ ማግኘት፣ ጉዳዩም ዳግም እንዲታይ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አብያተ ክርስቲያናቱ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ በጽሑፍ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እንዲያቀርቡ ስምምነት ተደረገ። ነጃሺ ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም ያለው ነገር ይኸው አይደለምን?

በኢጣልያም የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበርና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ከመንግሥት ጋር ተስማምተው፣ ስደተኞች በባሕር ከመስጠም በሕጋዊ ቪዛ በአውሮፕላን የሚገቡበትን መንገድ ከፈቱ። ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው፤ ቤት ያገኙላቸዋል፣ ቋንቋ ያስተምሯቸዋል፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስገባሉ። በ2016 መጀመሪያ የገቡት ከሊባኖስ የመጡ ሶርያውያን ነበሩ። በ2017 ደግሞ የኢጣልያ ጳጳሳት ጉባኤ ተጨምሮበት፣ በእኛው አገር ተጠልለው ከነበሩት ከኤርትራ፣ ከሶማልያና ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል የተወሰኑት በዚሁ መንገድ ሄዱ። በሚያዝያ 2016 ሟቹ የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ከግሪክ ደሴት ከሌስቦስ 12 ሶርያውያንን በአውሮፕላናቸው ይዘው ሲመለሱ፣ ሦስቱም ቤተሰቦች ሙስሊሞች ነበሩ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! መልካም ሥራን ከማንም ይምጣ ማመስገን ዲናችን ያስተማረን ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የነጃሺን መንገድ እየሄዱ ስለሆነ ልናበረታታቸው፣ በሚቻለንም ልናግዛቸው ይገባል። ምስጋና ብቻ ግን አይበቃም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው በመተማ በኩል ገብተዋል። ከየመንና ከሶርያ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በአዲስ አበባ መስጂዶች ደጃፍ ቆመው አይተናል። ሳንቲም ሰጥተን አልፈናል። ስማቸውን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ከእኛ እምነት ያልሆነ ስደተኛ ቢመጣስ ደጃችን እኩል ይከፈትለታልን?

ሥራው ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ጉዳያቸውን ተቀምጦ የሚሰማ ሁለት ሰው መመደብ፣ ዐረብኛ የሚያውቁ ደረሶቻችን በሐኪም ቤትና በቀበሌ እንዲያስተረጉሙላቸው ማድረግ፣ ለልጆቻቸው አማርኛ ማስተማር፣ ከሰደቃውም ለቤት ኪራይ ድርሻ መለየት እንችላለን። በሰፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ሥራ ላይ ከሆነም አብረን እንሥራ።

የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን በዚህ ምድር ላይ የሰው ደጅ የጠኑ ስደተኞች ነበሩ። ይህን የማይረሳ ሙስሊም በደጁ የቆመውን እንግዳ ሊገፋ አይችልም። አላህ (ሱ.ወ) ሰምተው ከሚሠሩት ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።