ማኅተም ያልነበረው ዩኒቨርሲቲ፦ ሞስኮ፣ 1978–1983

ስለ ዩኒቨርሲቲ ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው ሕንፃውን፣ ቻርተሩን፣ ድግሪውን ነው። ለመጀመሪያ ድግሪ የሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ከእነዚህ ሁሉ ተነጥሎ ሊቆም ይችል እንደሆነ ለመመርመር የሚረዳ አንድ አጋጣሚ በሞስኮ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1970ዎቹ የሞስኮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒክስና የሒሳብ ፋኩልቲ፣ ማለትም «መኽማት»፣ በዓለም ከታወቁት የሒሳብ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ በብሔረሰብ ረድፍ «አይሁዳዊ» ተብሎ የተጻፈበት ወጣት ግን በሩን ዝግ ሆኖ ያገኘው ነበር። ሕጉ ማንንም አይከለክልም፤ የሚከለክለው የቃል ፈተናው ነበር። እንዲህ ያለው ተፈታኝ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥና ተማሪዎቹ «የሬሳ ሣጥን» ብለው የሰየሟቸው ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ከእነዚህ አንዱን እንይ። 2 በስንት ኃይል ቢነሣ 3 ይሆናል? 3ስ በስንት ኃይል ቢነሣ 5 ይሆናል? ከሁለቱ ኃይሎች የሚበልጠው የትኛው ነው? መልሱ ሁለት መስመር ነው። ሁለቱንም ከአንድ ተኩል ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ 9 ከ8 ስለሚበልጥ የመጀመሪያው ከአንድ ተኩል በላይ፣ 27 ከ25 ስለሚበልጥ ሁለተኛው ከአንድ ተኩል በታች ነው። መፍትሔው አጭር መሆኑ የተንኮሉ ዋና ክፍል ነበር፤ የወደቀው ልጅ አቤት ቢል «እንዲህ ቀላሉን እንኳ አላወቀም» ለማለት ያመቻልና።

በዚያው ዘመን በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሶቭየት ኅብረት ይላኩ እንደነበር አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ከሩቅ የመጣው እንግዳ በፊት በር ሲገባ የከተማይቱ ተወላጅ ከደጅ ይመለስ ነበር ማለት ነው።

የተመለሱት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠለሉት በቴክኒክ ተቋማት ነበር። ከእነዚህ መካከል የነዳጅና የጋዝ ኢንስቲትዩቱ «ኬሮሲንካ»፣ በእኛ አነጋገር «የላምባ ምድጃ»፣ የሚል ቅጽል ስም ነበረው። በዚያ የሚሰጠው ሒሳብ ለመሐንዲስ የሚበቃ እንጂ ለሒሳብ ሊቅነት የሚያደርስ አልነበረም።

ቤላ ሱቦቶቭስካያ የተነሡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ራሳቸው የመኽማት ምሩቅ ነበሩ። በ1961 ባሳተሙት ጥናት፣ በሎጂክ ቀመር ውስጥ ካሉት ተለዋዋጮች አንዳንዶቹን በዕጣ ቋሚ እያደረጉ የቀመሩን አነስተኛ ርዝመት የመለካት ዘዴ አስተዋውቀዋል፤ ዘዴው ዛሬም በኮምፒዩተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ይሠራበታል። በ1978 በገዛ መኖሪያቸው ጥቂት ተማሪዎች ሰብስበው ትምህርት አስጀመሩ። የተማሪው ቁጥር እያደገ ሲሄድ ባዶ የተገኘ የመማሪያ ክፍል ሁሉ፣ መዋእለ ሕፃናት ሳይቀር፣ አዳራሽ ሆነ። ካስተማሩት መካከል ዲሚትሪ ፉክስ፣ አሌክሳንደር ቪኖግራዶቭ፣ አሌክሴይ ሶሲንስኪ፣ አንድሬይ ዘሌቪንስኪና ቦሪስ ፌይጊን ይገኛሉ። አሜሪካዊው ጆን ሚልነርም በእንግድነት ንግግር አድርገዋል። ሱቦቶቭስካያ ግን ሰሌዳው ፊት አይቆሙም ነበር፤ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ማስታወሻ ያባዛሉ፣ ለተማሪዎቹ ሳንድዊች ያዘጋጃሉ። ማባዣ መሣሪያ ሁሉ በጸጥታ ሠራተኞች ዓይን ሥር በነበረበት አገር ማስታወሻ ማባዛቱ ከማስተማሩ ያነሰ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም።

ይህን ታሪክ የጀግንነት ገድል ብቻ አድርገው የሚተርኩ አሉ። እኛ የበለጠ የሚያስደንቀን የትምህርቱ ተራነት ነው። የሚሰጠው የመንግሥትን ሥርዓት የሚተች ንግግር ሳይሆን ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ ነበር፤ መኽማት ውስጥ ያሉት እኩዮቻቸው የሚማሩት ያው ትምህርት። ድግሪ አልነበረም። ተማሪው ድግሪውን ከኢንስቲትዩቱ፣ ዕውቀቱን ደግሞ ከዚህ ያገኝ ነበርና የሁለት ሰው ሸክም ተሸክሟል። ራስን በራስ ማስተማር የሚለው ስያሜም በከፊል ብቻ ይስማማዋል፤ መምህር ባይኖረው ኖሮ ከሚልቁት ብዙዎቹ መንገድ ላይ በቀሩ ነበር ብለን እናምናለን።

ጥፋቱ የመጣው ከሒሳቡ ውጭ ነው። ከአስተባባሪዎቹ መካከል ቫሌሪ ሴንዴሮቭና ቦሪስ ካኔቭስኪ የመግቢያ ፈተናውን አድልዎ በሰነድ አጋልጠው ነበር፤ በ1982 ታሰሩ። ሱቦቶቭስካያም ለምርመራ ተጠሩ። በዚያው ዓመት መስከረም 23 ሌሊት በመንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላቸው፤ ዕድሜያቸው 44 ነበር። አደጋ ነው ያሉ አሉ፣ ግድያ ነው ያሉም አሉ። በ1983 ትምህርቱ ተቋረጠ።

ፉክስና ዘሌቪንስኪ ኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደው በዚያ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ። ሶሲንስኪ በሞስኮ ቀሩ። በ1991 «ነጻ የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ» ሲቋቋም ከሥራው መሪዎች አንዱ ሆኑ። ትምህርቱ የሚሰጠው በማታ ነበር፤ ለመከታተል የፈለገ ሁሉ ያለ መግቢያ ፈተና ገብቶ ይቀመጥ ነበር።