የሕግ ጠባቂ ሕግ ሲጥስ

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባላል። ወጣቶች ሆይ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በዳዩ ራሱ የሕግ ጠባቂ የሆነ እንደሆነ ተበዳዩ ወዴት ይጮኻል? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያገኘሁት ከአሜሪካ ታሪክ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በኦክቶበር 29 ቀን 1958 ማለዳ 13 ፖሊሶች በቺካጎ ከተማ የጄምስ ሞንሮን ቤት ሰብረው ገቡ። የዳኛ ትእዛዝ አልያዙም። በአቤቱታው እንደ ተጻፈው፥ ይህን ጥቁር አሜሪካዊና ሚስቱን ከአልጋ አስነሥተው፥ ስድስት ልጆች ባሉበት ቤት ራቁታቸውን አቆሟቸው፤ ፍራሹንም ቀደዱ። ሰውየውን በነፍስ ግድያ ጠርጥረው 10 ሰዓት ካሰሩት በኋላ ያለ አንዳች ክስ ለቀቁት።

በእርሱ ቦታ ቢሆን «እንኳን ተፈታሁ» ብሎ ዝም የሚል ብዙ ነው። ሞንሮ ግን ዱላም አላነሣ፥ ዝምም አላለ፤ ከሰሰ። የከሰሰበት ሕግ በ1871 ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ማኅበር ከባርነት የወጡትን ጥቁሮች ሲያሠቃይ የወጣ ነው፤ በመንግሥት ሥልጣን መብቱን የተገፈፈ ሰው በዳዩን ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ነገር ግን 90 ዓመት ያህል የሠሩበት ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

ፖሊሶቹም አድራጎታችን የክፍለ አገሩን ሕግ የሚጥስ ከሆነ በመንግሥት ሥልጣን ሠራችሁ ልንባል አይገባም ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1961 ይህን ክርክር አልተቀበለውም፤ በተሰጠው ሥልጣን ክፉ የሠራ ሰው በሥልጣኑ እንደ ሠራ ይቈጠራል ሲል ፈረደ። ከተማይቱን ግን ከክሱ ነጻ አወጣት። ከተሞች በዚህ ሕግ መከሰስ የቻሉት በ1978 ነው፤ ያውም በደሉ ከከተማው ደንብ ወይም ልማድ የመነጨ እንደሆነ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፍል ያዛል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት የሆነ እንደሆነ ተበዳዩ መንግሥትን ጭምር መጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ሕግ በመጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚቀሰቅሰው የተበዳይ አቤቱታ ነው። ነገ ከእናንተ መካከል ፖሊስ የሚሆን ቢኖር፥ የደንብ ልብሱ የሚሸፍነው ገላውን እንጂ ጥፋቱን እንዳይደለ ይወቅ። የተበደለም ቢኖር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፥ ምስክሩን ቈጥሮ፥ ወደ ዳኛ ይሂድ።