ወደ ፓርላማ ሊሄድ ባቡር ጣቢያ የቆመው ሰው

የቻይና አብዮት ሲባል ብዙዎቻችን ቀጥታ ወደ ማኦ ነው የምንሮጠው። ከማኦ በፊት ግን ምርጫ ያካሄደች፣ ፓርላማ የከፈተች ሌላ ቻይና ነበረች። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ ሰዓት እያጠረን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፍናት ማለት ነው። እስቲ ዛሬ ትንሽ ላውጋችሁ (ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው)።

ነገሩ የጀመረው ሳይታሰብ በፈነዳ ቦምብ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1911 ሃንኮው ከተማ ውስጥ አብዮተኞች በድብቅ የሚያዘጋጁት ቦምብ ፈነዳባቸው። ፖሊስ ደርሶ የአባላቱን ስም ዝርዝር አገኘ። ከወንዙ ማዶ ውቻንግ የሰፈሩት የማኅበሩ ወታደሮች «መያዛችን ካልቀረ» ብለው በማግስቱ ተነሱ። መሪ እንኳን አልነበራቸውም፤ ሊ ዩዋንሆንግ የሚባል መኮንን «ተዉኝ» እያለ በጠመንጃ አስገድደው ሾሙት። ሱን ያትሰን በዚያን ጊዜ አሜሪካ፣ ዴንቨር ነበር። ዜናውን ያነበበው ከጋዜጣ ላይ ነው!

ሱን ጃንዋሪ 1 ቀን 1912 ናንጂንግ ላይ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ሆነ። ግን ገንዘብም ጦርም የለውም። ጦሩ ያለው ሰሜን ነው፤ በዩዋን ሺካይ እጅ። ስለዚህ ተደራደሩ፦ ዩዋን ንጉሡን ያስወርዳል፣ ሱን ወንበሩን ይለቅለታል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን የ6 ዓመቱ ፑዪ ወረደ። ወረደ ስል ታዲያ አልተባረረም። ማዕረጉን ይዞ፣ በዓመት 4 ሚሊዮን ብር (የቻይና ጥሬ ብር ማለቴ ነው) ቃል ተገብቶለት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀረ።

የናንጂንግ ሰዎች ዩዋንን ከገዛ ጦሩ ለመነጠል ዋና ከተማው ናንጂንግ ይሁን አሉ። ሊወስዱት መልእክተኞች ቤጂንግ በገቡ በቀናት ውስጥ ወታደሮች አምፀው ከተማዋን ዘረፏት። ዩዋንም «እንዲህ ጥዬ እንዴት ልሂድ?» አለ። አልሄደም። ግርግሩን ራሱ ነው ያስነሳው ብለው የጠረጠሩት ጥቂቶች አይደሉም።

እዚህ ጋ ነው ሶንግ ጂያዎረን የሚመጣው። ወጣት ነው፣ ጃፓን የተማረ፣ ሕግ የገባው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን በጦር ካልቻልነው በፓርላማ እንሰረው። ትናንሽ ፓርቲዎችን አሰባስቦ በኦገስት 1912 ኩኦሚንታንግን መሠረተ። ለውህደቱ ሲል የሴቶችን እኩልነት ከፕሮግራሙ አስወጣ። በአብዮቱ የተሳተፈችው ታንግ ቹንዪንግ ታዲያ በምሥረታው ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥታ በጥፊ አጮለችው። (እውነት ለመናገር፣ ይገባዋል።)

ምርጫው ከ1912 መጨረሻ እስከ 1913 መጀመሪያ ተካሄደ። የመምረጥ መብት የነበራቸው ንብረት ያላቸው ወይም የተማሩ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ያም ሆኖ ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። በታችኛው ምክር ቤት ከ596 መቀመጫ ኩኦሚንታንግ 269 አገኘ። ሶንግ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ።

ማርች 20 ቀን 1913 ማታ ሻንጋይ ባቡር ጣቢያ ወደ ቤጂንግ ሊሳፈር ሲል ተተኮሰበት። ሆስፒታል ተኝቶ ለዩዋን ሺካይ ቴሌግራም አስጻፈ፤ የሕዝቡን መብት በሕገ መንግሥት ያስከብሩ ብሎ ለመነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። 31 ዓመት አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቁልቁል ነው። ዩዋን ፓርላማውን ሳያስፈቅድ ከአምስት አገር ባንኮች 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ መያዣው የጨው ግብር። በዚያው ዓመት የደቡቦቹን አመፅ ደመሰሰ፣ ኩኦሚንታንግን አገደ፣ በ1914 መጀመሪያ ፓርላማውን ዘጋ። በ1915 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ። የዩናኑ ካይ ኤ ጦር አነሣበት፣ የገዛ ጄኔራሎቹም ፊታቸውን አዞሩበት። ዘውዱን ትቶ ብዙም ሳይቆይ ጁን 1916 ሞተ። አገሪቱን የጦር አበጋዞች ተከፋፈሏት።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በዩዋን ስግብግብነት ላይ ብቻ ይደመድማል። እኔ ግን ችግሩ ከዚያ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ሪፐብሊኩ ሲወለድ ጦሩ የአንድ ሰው ነበር፣ ስምምነቱም ይህን አልነካም። ፓርላማው ያንን ሰው ለመቅጣት ያለው መሣሪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሶንግ ይህ አልጠፋውም፤ ጊዜ አገኛለሁ ብሎ ነው የተወራረደው።

ግድያውስ? ተኳሹ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እስር ቤት ሞተ። አሠማሪው ዪንግ ጉዪሺን በ1914 መጀመሪያ ባቡር ውስጥ ተገደለ። ሳምንታት ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዣዎ ቢንግጁን በድንገት ሞተ። ከአሠማሪው ጋር ቴሌግራም ሲጻጻፍ የነበረው የዣዎ ጸሐፊ ሆንግ ሹዙ ለዓመታት ተደብቆ ከርሞ በ1919 በሞት ተቀጣ። ትእዛዙ ከላይ ከማን እንደወረደ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።