አያያዝና አንጓ፦ የጎልፍ ምት ታሪክ ከቫርደን እስከ ሆገን



«አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይላል ያገራችን ሰው። የዛሬው ንግግሬም ስለ አያያዝ ነው፤ ይኸውም የጎልፍ ተጫዋች ዱላውን ስለሚጨብጥበት መንገድና በምቱ ጊዜ ስለ እጁ አንጓ አቀማመጥ። ርእሱ ለታሪክ ተማሪ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሰውነት ዕውቀት በምን ማስረጃ ይታወቃል የሚለውን ጥያቄ እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ ብዙ አላገኘሁም። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጥንቶቹ ስኮትላንዳውያን ተጫዋቾች ባመዛኙ ወፍራሙን እጀታ በሁለት መዳፋቸው አጥብቀው ይይዙ ነበር። ዛሬ እጅግ የተስፋፋው ግን የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት በግራ እጅ ጠቋሚ ጣት ላይ የምትደረብበት፣ የግራው አውራ ጣትም በቀኙ መዳፍ ሥር የሚሸሸግበት አያያዝ ነው። ስሙም «የቫርደን አያያዝ» ይባላል። ሃሪ ቫርደን በ1870 በጀርሲ ደሴት ተወልዶ የብሪታንያን ኦፕን ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ሲሆን፣ በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ እጆች እንደ አንድ እጅ መሥራት እንዳለባቸው አስተምሯል። ሆኖም የ1889 እና የ1891 የብሪታንያ አማተር ሻምፒዮን የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆኒ ሌይድሌይ ጣቱን መደረብ የጀመረው ከእርሱ ቀድሞ ነው። ጄ. ኤች. ቴይለርም ይደርብ ነበር። እንግዲህ ስሙ የተሰጠው ለቀደመው ሳይሆን ደጋግሞ ላሸነፈውና ለጻፈው ነው። በእኔ ግምት መጽሐፉ ከዋንጫዎቹ ያነሰ ድርሻ አልነበረውም።

ቴክኒክን የሚወስነው ቁሳቁስ ነው የሚል አስተያየት በየሴሚናሩ እሰማለሁ። በከፊል እውነት ነው። የዱላው ዘንግ ሂከሪ ከሚባል እንጨት ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ዘንጉ በምቱ ኃይል ስለሚጠማዘዝ ተጫዋቹ የዱላውን ፊት በእጁና በአንጓው ጊዜ ጠብቆ መመለስ ነበረበት። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር የብረት ዘንግን በ1924፣ የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ክለብ ደግሞ በ1929 ፈቀዱ። ቦቢ ጆንስ በ1930 አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው በእንጨት ዘንግ ነበር፤ በዓመቱ ቢሊ በርክ የአሜሪካን ኦፕን በብረት ዘንግ አሸነፈ። ዘንጉ ሲጠነክር የአንጓው ሥራ ተለወጠ። የቫርደን አያያዝ ግን እንዳለ ቀረ! ቁሳቁስ ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ አያያዙም ከሂከሪው ጋር በጠፋ ነበር። ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት፣ ይመስለኛል፣ በዓይን የሚታይና በቆመ እጅ ላይ ሊመዘን የሚችል መሆኑ ነው። አንጓ ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተጣጥፎ ይዘረጋል።

የቤን ሆገን ጉዳይ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ይህ ቴክሳሳዊ ለዓመታት የተቸገረው ኳሱ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ በመሄዱ ነበር። በየካቲት 1949 ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ከሞት ተርፎ፣ በ1950 በሜሪየን የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ። ያን ጊዜ ሃይ ፔስኪን ከበስተጀርባው ያነሣው ፎቶግራፍ በጎልፍ ታሪክ ከታወቁት ሁሉ የላቀ ነው። የሚያሳየው ግን የምቱን ፍጻሜ ነው፤ ዱላው ከላይ ሳለ አንጓው ምን ይመስል እንደነበር አንዳች አይነግረንም።

ሆገን ራሱ በ1955 በላይፍ መጽሔት «ምስጢሩን» ገለጠ፦ የግራ እጁን በዱላው ላይ ትንሽ ወደ ግራ አዙሮ መያዙን፣ ክንዱን በመነሻው ማሽከርከሩን፣ ዱላው ከላይ ሲደርስም የግራ አንጓውን ወደ እጁ ጀርባ ማጠፉን። ይህ ሁሉ የዱላውን ፊት ስለሚከፍት፣ ኃይሉን ሳይቆጥብ ቢመታም ኳሱ ወደ ግራ አይጠማዘዝበትም። በ1957 ከኸርበርት ዋረን ዊንድ ጋር ባዘጋጀው «አምስት ትምህርቶች» ደግሞ ትኩረቱ ሌላ ነው፦ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት የግራ አንጓ ወደ ዒላማው ጎበጥ እንዲል ያዛል፤ የ1955ቱ እጥፋት ቦታ አላገኘም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቅራኔ ወይም እንደ መሸሸግ ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ሁለቱ ምስክርነቶች የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ነው፤ አድማጮቻቸውም ይለያያሉ። የመጀመሪያው አንድ ሰው የራሱን ሕመም ያከመበት መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ለማንኛውም ተማሪ የታሰበ ነው። የ1955ቱን እጥፋት ኳሱ ወደ ቀኝ ለሚሄድበት ተራ ተጫዋች ቢያዝዙለት ያብስበታል እንጂ አይፈውሰውም።

በ2016 ደስቲን ጆንሰን የአሜሪካን ኦፕን በኦክሞንት ሲያሸንፍ፣ ዱላው ከላይ በደረሰ ጊዜ የግራ አንጓው ሆገን ካጠፈበት በተቃራኒው አቅጣጫ በግልጽ ጎብጦ ይታይ ነበር።