የአቃቂ ሠራተኞች ደም

በኅዳር 1976 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ስፔስላብ የተሰኘውን ቤተ ሙከራ ይዛ ወደ ጠፈር ስትወጣ፣ የዙሪኩ ተመራማሪ አውጉስቶ ኮጎሊ ያዘጋጀው የሰው ነጭ የደም ሕዋስም ተሳፍሮ ነበር። ሊምፎሳይት የሚባለው ይህ ሕዋስ ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ጠላት የመጣ ያህል መባዛት ልማዱ ነው። ክብደት በሌለበት ግን ምላሹ፣ ምድር ላይ ከቀረው አቻው ጋር ሲነጻጸር 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። የመከላከያ ሕዋስ ጠባይ እንደሚኖርበት ሁኔታ ይለዋወጣል ማለት ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ጠፈር ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ አቃቂም ይበቃል።

በ1989 ዓ.ም. የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ፈቃደኛ የሆኑ የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞችን መዝግቦ፣ በየስድስት ወሩ ደማቸውን እየመረመረ መከታተል ጀመረ። በ1990 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ታከሉ። የክትትሉ ዓላማ ቫይረሱን ማጥናት ነበር፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከጤነኞቹ የተገኘው ውጤት ነው። በ1991 ዓ.ም. በታተመው ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸው 142 ሠራተኞች የሲዲ ፎር ሕዋስ በማይክሮሊትር ደም በአማካይ 775 ሆኖ ተገኘ። የሆላንድ ደም ለጋሾች 993 ነበራቸው። በኢትዮጵያውያኑ ደም ገና ጠላት ያላጋጠማቸው ሕዋሳት አንሰው፣ ለውጊያ የነቁት በዝተው ታዩ።

እነዚህ ሰዎች ታመው አይደለም፤ ሲሠሩ ውለው ቤታቸው የሚገቡ ናቸው። ታዲያ ሰውነታቸው ከማን ጋር ይዋጋል? ከተጠረጠሩት አንዱ የሆድ ትል ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወገኖች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ትሉ ሲወገድ የሕዋሳቱም ሁኔታ ተስተካክሏል። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን መድኃኒት ለመጀመር መለኪያው 200 ነበር፤ ከ993 የሚነሳና ከ775 የሚነሳ ሰው በአንድ ወሰን ይዳኙ ነበር ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የጀመረ ቶሎ ይወድቃል የሚል ሥጋትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእነዚሁ ሠራተኞች ጥናት ግን ከቫይረሱ በፊት የነበረው ዝቅተኛ ቁጥር በሽታውን እንደማያፋጥን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምር አለ።

በአገራችን ነፃው መድኃኒት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ የአቃቂው ክትትል በተጀመረ በስምንተኛው ዓመት። በዚያ መሐል ደማቸውን ለጥናት ሰጥተው መድኃኒቱን ሳያዩ ያለፉ ሠራተኞች አሉ።