ክሪሚኖሎጂ በካርቱም፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት

ክሪሚኖሎጂ፣ በአማርኛ የወንጀል ጥናት፣ ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም፣ ሕግ የትኛውን ድርጊት ወንጀል ብሎ እንደሚጠራ፣ ኅብረተሰብም ለአጥፊውና ለተበዳዩ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ትምህርቱ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በአብዛኛው ራሱን ችሎ አይሰጥም፤ በሕግ፣ በሶሺዮሎጂ፣ በሥነ ልቦናና በፖሊስ ሳይንስ ትምህርቶች ውስጥ ተከፋፍሎ ይገኛል። በዓረብኛ በሚያስተምሩ የሕግ ፋኩልቲዎች የተለመደ መጠሪያው «ኢልም አል-ኢጅራም ወል-ኢቃብ»፣ ማለትም «የወንጀልና የቅጣት ሳይንስ» ነው። በዚህ መጣጥፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርቱ አመጣጥ

የካርቱም ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የተከፈተው እንግሊዞች ሱዳንን ከያዙ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1902 ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት የተጨመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ዓላማውም ለፍርድ ቤቶች ሱዳናውያን ዳኞችንና የሕግ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ኮሌጁ በ1951 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቆራኘ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ሌሎቹ ተቋማት በየፊናቸው አድገዋል። የካይሮ ዩኒቨርሲቲ በ1955 በካርቱም የከፈተው ቅርንጫፍ በ1993 ወደ ኒሌን ዩኒቨርሲቲ ተለውጧል፤ የሕግ ፋኩልቲውም በከተማዋ ከሚታወቁት አንዱ ነው። የኦምዱርማን እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ሸሪዓንና ሕግን አጣምሮ ያስተምራል። በኦምዱርማን የሚገኘው አህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ መነሻው ባቢከር በድሪ በ1907 በሩፋዓ ለልጃገረዶች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው፤ በሥነ ልቦናና በሥርዓተ ፆታ ጥናቶቹ የሴቶችን ጥቃት ለሚመረምር ሰው ዋና ማዕከል ነው። በሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሪባት ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፖሊስ ሥልጠና ጋር የተሳሰረ ነው።

ተማሪው ወደነዚህ ተቋማት የሚገባው በሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤቱ ተመዝኖ ነው። በ1990ዎቹ የማስተማሪያው ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ ስለተለወጠ፣ የወንጀል ጥናት ተማሪ ሁለት ቋንቋ ሊኖረው ግድ ይላል። የቆዩት የፍርድ ውሳኔዎችና የምርምር ሥራዎች በእንግሊዝኛ፣ የዛሬዎቹ ሕጎችና ፍርዶች በዓረብኛ ተጽፈዋልና።

የሕጉ መፈራረቅ

ካርቱምን ለወንጀል ጥናት ልዩ ስፍራ የሚያደርጋት የሕጓ ታሪክ ነው። ቅኝ ገዢዎቹ በ1899 ያወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረቱ በ1860 ለህንድ የተዘጋጀው ሕግ ነበር። ሕጉ በ1925፣ ቀጥሎም በ1974 ተሻሻለ። ከሱዳን አልፎም ተሻግሯል፦ በ1958 የሰሜን ናይጄሪያን ሕግ ለማጥናት የተሰየመው የሕግ ሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ የሱዳኑ ዋና ዳኛ መሐመድ አቡ ራናት ነበሩ፤ ያ ክልል የተቀበለውም የወንጀል ሕግ የሱዳኑን አርአያ የተከተለ ነው።

በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓ ቅጣቶችን በሕግ ደነገጉ። በካርቱም የነበረው የአልኮል መጠጥ በአባይ ውኃ ውስጥ ተደፋ። ሕጉን የተቃወሙት የሃይማኖት ሊቅና የፖለቲካ መሪ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ በጥር 1985 በኮበር እስር ቤት በስቅላት ተገደሉ። ከዚያ የወጣው የ1991 የወንጀል ሕግ ቅጣቶችን በሦስት መደብ ያያል፦ ሁዱድ፣ በሃይማኖቱ የተወሰኑ ቅጣቶች፤ ቂሳስ፣ ለነፍስና ለአካል ጉዳት የሚሰጥ ተመጣጣኝ ብድራት፣ የተበዳይ ወገን ሲስማማም በዲያ ማለትም በደም ካሳ የሚተካ፤ ተዕዚር፣ ለዳኛው ፈቃደ ሥልጣን የተተወ ቅጣት። በታኅሣሥ 2018 በተቀሰቀሰው ሕዝባዊ አመፅ ፕሬዚዳንት ኦማር አል-በሽር ከወደቁ በኋላ፣ የሕዝብ ሥርዓት የሚባለው ሕግ በኅዳር 2019 ተሻረ። በሐምሌ 2020 የወጣው ማሻሻያም ሃይማኖትን መካድ በሞት የሚያስቀጣበትን አንቀጽ 126 ሰረዘ፤ የሴት ልጅ ግርዛትን እስከ ሦስት ዓመት በሚያሳስር ቅጣት ከለከለ።

ስለዚህ የካርቱም ተማሪ ገና ሲጀምር የሚማረው አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። አያቱ በፈቃድ ያደረጉት ነገር ለእናቱ ወንጀል ሊሆን፣ እናቱን ያስገረፈው ነገር ለእሱ ትውልድ ሊፈቀድ ይችላል። ወንጀለኛውን ብቻ አጥንቶ ሕጉን ያላጠና ሰው ወንጀልን አያውቀውም።

ሁለት ማሳያዎች

የመጀመሪያው ማሳያ የማሪሳና የአራቂ ጉዳይ ነው። ማሪሳ ከማሽላ የሚጠመቅ፣ የእኛን ጠላ የሚመስል መጠጥ ነው። አራቂ ደግሞ ተምር ተዘፍዝፎ፣ ተብላልቶና በእሳት ላይ ተጥዶ የሚወጣ ነው፤ ስሙም ሥራውም የአረቄ ዘመድ ነው። ከ1983 በፊት ማሪሳ «ኢንዳያ» በሚባሉ መጠጥ ቤቶች በግልጽ ይሸጥ ነበር። ሕጉ የተለወጠው ክፉ ዘመን ላይ ነው፦ የዳርፉርና የኮርዶፋን ድርቅ፣ የደቡቡም ጦርነት ብዙ ሺህ ቤተሰብ ወደ ኦምዱርማንና ወደ ካርቱም ዳርቻ ገፋ። ባሏን ወይም ከብቷን ያጣች ሴት ከአገሯ ይዛው የመጣችው ሙያ ጠመቃ ነበር፤ ልጆቿን የምታበላበት ይኸው ሙያ ወንጀል ሆነ። የኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት በእንደነዚህ ያሉ ሴቶች ተሞላ፤ ብዙዎቹ ሕፃን አዝለው ታሰሩ፤ ሲፈቱም ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውምና ወደ እንስራቸው ተመለሱ። የእስረኛ ቁጥር መጨመር ብቻውን «ሴቶች ከፉ» እንደማያሰኝ ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ቁጥሩን የሚያነብ ተማሪ ድርቁን፣ ጦርነቱንና የሕጉን ቀን አብሮ ማንበብ አለበት።

ሁለተኛው የመሪየም ኢብራሂም ጉዳይ ነው። እናቷ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ፣ አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም ናቸው፤ እሷ በእናቷ እምነት አደገች። ፍርድ ቤቱ ግን አባቷን ተከትሎ ሙስሊም ናት አለ። በግንቦት 2014 ሃይማኖቷን ክዳለች በሚል ሞት፣ ከክርስቲያን ጋር የፈጸመችው ጋብቻ ስላልጸናላት ደግሞ በዝሙት 100 ጅራፍ ተፈረደባት። በዚያው ወር በእስር ቤት ሳለች ሴት ልጅ ወለደች። በሰኔ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ነፃ አወጣት። ከስድስት ዓመት በኋላ አንቀጽ 126 ራሱ ከሕጉ ወጣ። አንዲት እናት በምን ጥፋት እስር ቤት ወለደች? መልሱ በሰው ባሕርይ ጥናት አይገኝም፤ በሕግና በኅብረተሰብ ጥናት ነው የሚገኘው።

የሚሰጡ ትምህርቶች

የሕግ ተማሪ የወንጀል ሕግን፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓትንና የማስረጃ ሕግን ይማራል። የክሪሚኖሎጂው ትምህርት በእነዚህ ላይ የመንስኤ ጥያቄን ይጨምራል። በየትኛውም አገር እንደሚደረገው የጣሊያኖቹ የቤካሪያና የሎምብሮሶ፣ የፈረንሳዊው የዱርኬም ሐሳብ ይነሳል። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ከተማዊነትን፣ ስደትንና የጎዳና ሕይወትን ያጠናል። በካርቱም «ሸማሳ»፣ የፀሐይ ልጆች እንደማለት፣ የሚባሉት የጎዳና ልጆች፣ እንዲሁም ፖሊስ የጎዳና ነጋዴዎችንና የሻይ ሻጭ ሴቶችን የሚያሳድድበት «ከሻ» የተሰኘው አፈሳ ለዚህ ጥናት በደጅ ያሉ ርዕሶች ናቸው። የሥነ ልቦና ተማሪ የአጥፊውን አእምሮና የተጎጂውን ቁስል ይመረምራል።

ሱዳን ለዓለም የወንጀልና የፍትሕ ጥናት ያበረከተችው ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1937 ስለ አዛንዴ፣ በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ያሳተማቸው መጻሕፍት በዚያ ዘመን ሱዳን ውስጥ በተደረገ የመስክ ሥራ ላይ የቆሙ ናቸው። በጋምቤላም የሚኖሩት ኑዌሮች ያለ ፖሊስና ያለ እስር ቤት፣ በከብት በሚከፈል የደም ካሳና በአስታራቂ አማካይነት ደምን እንዴት እንደሚያደርቁ ያሳየው ሥራ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። በዳርፉር «ጁዲያ» የሚባለው ዕርቅ፣ «አጃዊድ» በሚባሉ ሽማግሌዎች የሚካሄደው፣ ለሽምግልና አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ከካርቱም የሕግ ተመራቂዎች መካከል በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሳው አብዱላሂ አን-ናኢም ነው። በ1970 ከካርቱም ተመርቆ፣ በካምብሪጅ የክሪሚኖሎጂ ዲፕሎማ፣ በኤድንብራም የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ ከዚያ ተመልሶ በካርቱም የሕግ ፋኩልቲ አስተማረ። የማሕሙድ መሐመድ ጣሃ ደቀ መዝሙር ስለነበር ከመምህሩ ሞት በኋላ አገሩን ለቆ በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የሰብአዊ መብትና የእስላም ሕግ ምሁር ሆነ።

የሥራ መስክ

ተመራቂው እንደ ገባበት ክፍል በዐቃቤ ሕግነት፣ በጥብቅና፣ በፖሊስ ምርመራ፣ በእስር ቤት አስተዳደር፣ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ወይም በሰብአዊ መብት ድርጅት ይሰማራል። የቅጣት ጥናት ምን ያህል ተግባራዊ እንደሆነ በታኅሣሥ 2019 ታይቷል። በሽር በሙስና ጥፋተኛ ሲባሉ የተላኩት ለሁለት ዓመት ወደ ማረሚያ ማዕከል ነበር፤ ምክንያቱ የሱዳን ሕግ ከ70 ዓመት በላይ የሆነን ሰው በእስር ቤት እንዲቀጣ አለመፍቀዱ ነው።

ከ2023 ጦርነት ወዲህ

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሳው ጦርነት መጀመሪያ የመታው ካርቱምን ነው። የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ የኮበር እስር ቤት በሮች ተከፍተው እስረኞች ወጡ። ተማሪዎች ወደ ሌሎች ከተሞችና ወደ ጎረቤት አገሮች ተበተኑ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ትምህርቱን በኢንተርኔት፣ ፈተናውን ሰላም ባለባቸው ከተሞችና በውጭ አገር ለመስጠት ሞከሩ። ጦሩ በመጋቢት 2025 ከተማዋን መልሶ ቢይዝም ጦርነቱ በሌሎች ክልሎች ቀጠለ።

ፍትሕ እንዴት እንደሚዘገይ የዳርፉር ጉዳይ ያሳያል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የመራው በ2005 ነው፤ ፍርድ ቤቱ በዳርፉር የጃንጃዊድ ታጣቂዎች መሪ የነበረውን አሊ ኩሻይብን ጥፋተኛ ያለው በጥቅምት 2025፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለ ፍርድ የሚያበቃው በጊዜው የተሰበሰበ ማስረጃ፣ በሕይወት የቆየ ምስክር፣ ቁስሉን ሳያባብስ መጠየቅ የሚችል መርማሪ ነው። ይህን ሥራ ነገ የሚሠሩት ዛሬ በስደት አገር በስልካቸው የሚማሩት የሕግ፣ የሶሺዮሎጂና የሥነ ልቦና ተማሪዎች ናቸው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጥናት ሩቅ አይደለችም። ከስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወደ 1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተሸጋግራለች፤ በሰንዳፋም የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሱዳንን የሸሹ ብዙ ቤተሰቦችንም በመተማ በኩል ተቀብላለች። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው የሱዳን ተማሪዎች ወንበር ይስጡ፤ ከእነሱም ይማሩ። አንድ ወንዝ የሚጠጡ ሁለት አገሮች የፍትሕን ዕውቀት ቢጋሩ የሚያተርፉት ሁለቱም ናቸው።