ድንቅነሽን ቦሌ አሳተምኳት

በልጅነቴ አምስት ኪሎ ሙዚየም ያየኋት ድንቅነሽ ቅጂ መሆኗን ስሰማ የተሸወድኩ መሰለኝ። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ዋና ድንቅነሽ ለካ ካዝና ውስጥ ናት።

በ1999 ለኤግዚቢሽን አሜሪካ ስትሄድ «ብትሰበርስ?» ያለው ብዙ ነበር። ደግነቱ በ2005 በሰላም ተመለሰች። እዚያ ሳለች ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ10 ቀን ከ35 ሺህ በላይ የሲቲ ስካን ምስል ተነሳች። በ2008 በመንግሥታችን ፈቃድ የትከሻና የጉልበቷ ፋይል ለሕዝብ ተለቀቀ።

በቀደም ፋይሉን ይዤ ቦሌ፣ ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ጉልበቷ ቀስ በቀስ፣ በስስ የፕላስቲክ ንብርብር ተሠርቶ ወጣ። መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ትንሽነቷ ገረመኝ፤ በመስታወት አሻግሬ ሳያት እንዲህ አልተሰማኝም ነበር።

ለካ ቅጂው ማታለያ አይደለም። እኛ እየነካካን እንድንማር፣ እሷም እንድታርፍ ነው።